ብርቱካናማው ቶብሽ

ውድ ኢቲዳል፣

ዛሬ ከጨርቅ ነጋዴዋ ከነዕማ የሰማሁት ነገር ክው አድርጎኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀሚስ እንኳ መስፋት አቅቶኝ የማሽኑን መርፌ ሁለቴ ሰብሬያለሁ።

ያን እሁድ መቼም አትረሺውም። ጎረቤታችን ዋፋ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተሰብስበን ከርከዴ እየጠጣን ስንሳሳቅ በበሩ ገባሽ። ባልሽ ዐወድ ከሞተ አምስት ወር አልሞላውም። ነጩን የሐዘን ቶብሽን ጥለሽ ብርቱካናማ ተጠምጥመሻል፤ ያውም ዓይን የሚያጠፋ ብርቱካናማ! እጅሽ ሂና፣ ጆሮሽ ላይ ወርቅ። እኛ ወሎዬዎቹ ባል ሲሞት ዓመት ሙሉ ጥቁር ነው የምንለብሰው። የእናንተ የባል ሐዘን፣ ዒዳው፣ በአራት ወር ከአሥር ቀን እንደሚያበቃ አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሃያ ዓመት ጎረቤትሽ ነበርኩ፤ አውቃለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ።

"ኧረ አንቺ! የባልሽ አፈሩ ሳይደርቅ ይህን የሚጮኽ ልብስ ማን አለበሰሽ?" አልኩሽ በሴቱ ሁሉ ፊት።

ሳቁ ቀጥ አለ። አንቺ የቶብሽን ጫፍ ሰበሰብሽ። "ዐወድ ያውቃል" አልሽና ዞረሽ ወጣሽ። እኔም አላበቃሁም፤ "እይዋት፣ ሙት ታስመሰክራለች!" ብዬ ጨመርኩበት። በሳምንቱ ሸርቆሌ እህቷ ዘንድ ገባች አሉኝ። ኩራት ነው ብዬ ተውኩሽ።

ዛሬ ነዕማ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ እንደ ልማዴ እየሰፋሁ ይህንኑ ሳወራላት፣ ጨርቅ መለካቷን አቆመች። አማርኛዋ እንደምታውቂው ወንድና ሴት አይለይም።

"የሺ፣ አንቺ አታውቅም? ያን ቶብ ዐወድ ነው የገዛው። ቀለም የመረጠው አንቺ ነው!"

ሳቅሁባት። በአላህ ማለችልኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ዐወድ ታሞ፣ ምርኩዝ ይዞ መጥቶ "የሺ፣ ለኢቲዳል የትኛው ያምራል?" ሲለኝ፣ ከማሽኔ ቀና እንኳ ሳልል "ብርቱካናማውን ውሰድላት፣ መንጌ ወረዳ ሆነው የሚያዩትን!" ብዬ ቀልጄበት ነበር። እሱ ግን ነዕማን ቀስ ብሎ፣ "እኔ ስሞት ነጭ ይለብሳል። ዒዳ ሲያልቅ ይሄን ይልበስ። የሺ መረጠ እላታለሁ፣ ደስ ይላታል" ብሏት ኖሯል።

ኢቲዳል፣ ለካ ያን ቀን ያን ሁሉ ሴት አልፈሽ ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ የመጣሽው ልታሳይኝ ነበር። ፈገግ ብለሽ ነበር እኮ! አፌን ቁርጥ ያድርገው።

ይቅርታዬን በወረቀት ብቻ አልጨርሰውም። ከዚያው ጣቃ የቀረውን አስቆርጬ ወስጃለሁ። አጠማጠሙን ግን አላውቅበትም። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሸርቆሌ እመጣለሁ። ብትከፍቺልኝም ባትከፍቺልኝም ብርቱካናማዬን ታቅፌ በርሽ ላይ እቆማለሁ። ከከፈትሽልኝ አንቺው ታለብሺኛለሽ፤ እሁድ ዋፋ ግቢ አብረን እንገባለን።

ማን አለበሰሽ ይበሉኝ። አንቺ እየሰማሽ እነግራቸዋለሁ።

ቀለሙን መርጣ የረሳችው፣
የሺሀረግ