ቀጥ ብለው ስላልቆሙት የአሸንዳ ልጃገረዶች

ለተከበሩ አቶ ገብረአምላክ ተኽለ
የ«ብሩህ ምስል» ፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበር የዳኞች ሰብሳቢ
መቐለ

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ጉድለት የማያመልጠው ዓይንዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ የወሎ ተወላጅ፣ እዚሁ መቐለ በዓዲ ሓቂ ሰፈር የተማሪዎችን የምረቃ ፎቶ እያነሣሁ የምኖር አብዱረህማን ሰዒድ፣ አምና በአሸንዳ ዕለት አንሥቼ ለማኅበሩ የውድድር ዐውደ ርእይ ያቀረብኩትን ፎቶ ከግድግዳ ስላስወረዱልኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን አምኜ ካልፈረምኩ የማኅበሩ መታወቂያ እንደማይታደስልኝና ያለ መታወቂያውም ዘንድሮ ካሜራ ይዤ ወደ በዓሉ ሜዳ እንደማልገባ ማስታወቅዎም የአባትነት ነው። ጥፋቶቼን በደግነት ስለዘረዘሩልኝ በየተራ እመልሳለሁ።

፩. ልጃገረዶቹ ደብዝዘዋል ብለዋል። ይጨፍሩ ስለነበር የካሜራዬን ፍጥነት ሆን ብዬ ዝቅ አድርጌ ነው ያነሣኋቸው። አንደኛ ያወጡት ፎቶ እንዲህ ያለ ነውር የለበትም፤ አንሺው ከበሮውን አስቁሞ፣ ልጆቹን በቁመታቸው አሰልፎ፣ እጃቸውን ወደ ላይ አስነሥቶ እስኪጨርስ ድረስ አንዲትም አልተነፈሰችም። ጭፈራን ለማሳየት ጭፈራውን ማስቆም እንደሚገባ ከእርስዎ በፊት ያስተማረኝ የለም።

፪. ፀሐይዋን ፊት ለፊት ማንሣቴ ፊታቸውን አጨልሞታል ብለዋል። ለወደፊቱ ፀሐይዋ ያለ ማኅበሩ ማኅተም ከልጃገረዶች ጀርባ እንዳትጠልቅ ቢጽፉላት መልካም ነው።

፫. ከሁሉ ያስቆጣዎት ዳር ላይ ከበሮ የምትመታው ልጅ ግማሽ ፊቷ መቆረጡ ነው። በዳኝነቱ ዕለት ማስመሪያዎን ፊቷ ላይ አጋድመው፣ የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ አትታወቅም ብለው ለታዳሚው ሲያስረዱ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። የእርስዎ ልጅ ዮሃና ናት፣ ጌታዬ። እየሳቀች ከጓደኞቿ ቀድማ ስትሮጥ ነበርና ከፍሬሙ አመለጠችኝ፤ እኔም አልመለስኳትም። በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎ ብዬ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

፬. ማንም ወደ ካሜራው አልተመለከተም ብለዋል። በዓላቸውን እያከበሩ ስለነበር አልተመቻቸውም።

በግልጽ ልናገር፤ ተናድጃለሁ። ሕግዎን የጣስኩት ባለማወቅ አይደለም። ለምረቃ ፎቶ አንዱንም ሳላጎድል እጠብቀዋለሁ፤ ወላጅ ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ ይወዳልና። አሸንዳን እንዲያ ካነሣሁት ግን እነዚያን ልጆች አላየኋቸውም ማለት ነው። ስለዚህ አልፈርምም፤ መታወቂያዬን ያስቀሩት። ዘንድሮ ከሜዳው አጥር ውጭ ሆኜ አነሣለሁ፤ የአጥሩ ብረት በምስሉ መሐል ሲያልፍ አምስተኛ ጥፋት ያገኙልኛል።

በግርማዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ ካሜራዬን ግን እንደ ልማዴ አጋድሜ፣
ሊማር ያልቻለው ተማሪዎ
አብዱረህማን ሰዒድ
ነሐሴ ፳፻፲ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኣኽበረት ትናንት ስቱዲዮዬ መጥተው፣ ፎቶውን ገና ከሩቅ ሲያዩት «ዋይ ጓለይ! ዋይ ልጄ! ቁርጥ እሷ!» ብለው በትልቁ አሳትመው ወስደዋል። ለሳሎናችሁ ነው ብለውኛል። ከዚያኛው ግድግዳም ማስወረድ ካሰቡ፣ ፈቃድ የሚጠይቁት እርሳቸውን ነው።