ሦስቴ የተመታው ግድግዳ

ለማልጠግብሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ነገር ለቀቀሽ? ዓይንሽስ? ይህን የሚያነብልሽ ወንድም ጋሼ ከሆነ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፤ አንቺም መጀመሪያ ቁጭ በይ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። አንድ የፊት ጥርሴ የለም፤ ቀኝ እጄም ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፣ የዘገየሁብሽ ለዚህ ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ከመሰለሽ አትፍረጂብኝ።

ግቢያችን ሊፈርስ ነው፤ ከአሥራ አንዱ ቤት የቀረነው ሦስት ነን። እኔ፣ በግድግዳ የምንዋሰነው ልብስ ሰፊዋ ከበያጅ ባሏ ጋር፣ ቧንቧው አጠገብ ደግሞ ጡረተኛው አሥር አለቃ። ሌሎቹ በራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ወደ ፎቅ ተዛውረዋል። ብታምኚም ባታምኚም፣ ቧንቧው ጋ ወረፋ ይዞ መናቆር እንኳ ናፈቀኝ። አፍራሾቹ ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ ይደበድባሉ። ትዕግሥቴን ታውቂዋለሽ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስሰድባቸው ዋልኩ፣ በሁለተኛው ስድቡ አለቀብኝ።

ያንቺን ደንብ መቼም አልረሳሽውም። በግቢው ሴት ስትመታ ግድግዳውን ሦስቴ ታንኳኳለች፣ የሰማች ለቀጣዩ ቤት ሦስቴ ታቀብላለች፣ ከዚያ ሁሉም እጁ ላይ ያለውን ይዞ ይደርሳል። ደንቡን ያወጣሽው አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥርስሽን ያወለቀሽ ጊዜ ነው። አምስት ሴቶች ዘነዘና ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ አይቶ እጁን ሰበሰበ። ይኸው አሁን እናትና ልጅ በጥርስም ተመሳሰልን።

የዛሬ ወር ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ የሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። ግድግዳው ኳ ኳ ኳ አለ። እንደገና ኳ ኳ ኳ። እነዚህ አፍራሾች ዛሬስ ሊያሳብዱኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። በጡጫዬ መልሼ ደበደብኩና «ዝም በሉ! አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አለ። ደስ አለኝ እማዬ። አፈር ልብላ፣ ደስ አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ከአፍራሾቹ አንዱ የሚጠጣ ውሃ ሊለምነኝ መጣ። አሁን ግድግዳዬን ሲደበድብ የነበረው ማን ነው ብዬ ተቆጣሁት። ማንም፣ ምሳ ከወጣን ግማሽ ሰዓት ሆነን አለኝ። ለካ ያንኳኳችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። የከሰል ካውያዬን ከነፍሙ አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

በሩን የከፈትኩት በእግሬ ነው። ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናዋና በግድግዳው መካከል ወድቃለች። ፊቷ ፊት አልነበረም፤ መንጋጋዋ ወደ ጎን ሄዷል። ባሏ ቀኝ እጇን ወለሉ ላይ ዘርግቶ አውራ ጣቷን በሥራ ጫማው ይረግጠዋል። ምን አድርጋው መሰለሽ? የምትክ ቤቱ ወረቀት በእሱ ስም ብቻ እንዲሆን ፈርሚ ቢላት እምቢ አለች። ካልፈረመ ይህ ጣት ምን ያደርግልሻል እያለ ነበር የሚረግጣት። ካውያውን በሁለት እጄ አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩት። ክዳኑ ተከፍቶ ፍሙ በአንገትጌው ገባ፣ የቀረው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ የተቆረጠው ጨርቅ መቃጠል ጀመረ። እንደ በሬ አጓራ። ዞሮ በቡጢ አፌን ሲለኝ ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁት፤ ስወድቅ እጄ ፍሙ ላይ አረፈ። አፍራሾቹ ደርሰው በመዶሻ እጀታ ጉልበቱን ባይመቱት፣ እሳቱንም ባያጠፉት ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር። አሥር አለቃውማ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከዘራውን ይዞ ደረሰና ደብዳቢው መስሎት ውሃ የለመነኝን ሰውዬ አናቱን አለው፤ እስከ ዛሬ ይቅርታ እየጠየቀው ነው። ባልየውን ፖሊስ ወስዶታል። እኔ ግን አልወጣልኝም፤ በሕልሜም እመታዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ሆስፒታል ተኝታለች። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል፣ ቀኝ ጣቷም አልዳነም፤ ስለዚህ በግራ እጇ ነው የምትጽፍልኝ። ማንኳኳቱን ለምን አቆምሽ ብዬ ጠየቅኋት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! «ዝም በሉ ስትዪ ሰማሁሽ» ብላ ጻፈች። ሰምቼ እምቢ ያልኳት መስሏታል። አፍራሾቹ መስለውኝ ነው ብዬ ማልኩላት፤ ፊቷን አዞረች።

የደረሰኝን ቤት ሄጄ አየሁት። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ቧንቧው እቤት ውስጥ ነው፣ ጉድ እኮ ነው። ግድግዳውን ሦስቴ መታሁት። ጎረቤቴ ወጥታ ሰማሽ ወይ ብላት ምንም አልሰማሁም አለችኝ። ልብስ ሰፊዋን ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ ለመንኳት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሰው ሲፈታ ብቻዋን ካገኛት ይጨርሳታል እማዬ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ትናንት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሸለብ አደረገኝ። በግራ እጇ የአልጋውን ብረት ሦስቴ መታችው። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ወንበሩ ወደቀ፣ እኔ ቡጢዬን ጨብጬ ቆሜያለሁ፣ ነርሷ ደንግጣ ጮኸች። ለካ ውሃ ጠምቷት ነው። ብርጭቆውን ያዝኩላት፤ እሷም እስክትጨርስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ወንድም ጋሼን እቅፍ አድርጌ ሰላም ብዬዋለሁ። ሚስቱን ጉንጯን፣ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ እርስ በርስ እንዳይማቱ ንገሪያቸው። አሥር አለቃው ከነከዘራው ሰላም ብሎሻል። ልብስ ሰፊዋ ለአንቺ እየጻፍኩ መሆኑን አይታ ወረቀቱን ቀማችኝ፤ ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

እማማ፣ ሰላም ነሽ? የስፌት መኪናዬን እዚያ አራተኛ ፎቅ መስኮቱ ጋ እንድታደርግልኝ ለልጅሽ ንገሪልኝ።

ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ
መጋቢት 11 ቀን፣ ሐሙስ