የአራሶች ድርሻ

ማክሰኞ፣ ጥር 9። ከቀኑ 10 ሰዓት

ቆስጣው ዛሬም ተረፈ። ቲማቲሙም። ፓፓያው በናዝሬት ሙቀት ለስልሶ ውሃ አወጣ። እርጉዞቹ በጠዋት ቀበሌ መጥተው የማክሰኞ ድርሻቸውን ከእጄ ወሰዱ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። አራሶቹ የሉም። አንዲትም! ቀበሌው ከራሱ ወፍጮ ቤት ገቢ ቀንሶ፣ ከዝዋይ ገበሬዎች ገዝቶ፣ በመኪና አስጭኖ አምጥቶላቸው! እስኪወልዱ ድረስ ነው የሚያውቁኝ። ቅቤውና የዶሮው መረቅ ከመጣ ወዲያ ቆስጣ ማን ያስታውሳል።

ተናድጃለሁ፣ ደብተሬ። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። የተረፈውን የዘበኛው ፍየሎች በሉት።

ጠርጣሪ ነሽ እንዳትይኝ። እናትየዋ ራሷ ካልመጣች ለማንም አይሰጥም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የሴቶች ማኅበር ሊ/መንበሯ። በቂ ምክንያት ነበረኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ባል የሚስቱን ፓፓያ ተቀብሎ መናኸሪያ ሲቸረችረው እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ለባል የለም፣ ለእህት የለም፣ ለጎረቤት የለም።

ሐሙስ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ታቦቱን ሸኝቼ ተመለስኩ። ምራቴ ጫልቱ ከቤት አልወጣችም፣ ወሯ ገብቷል። ልጄ ወደ አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ ሹፌር ያገባች መቼ ባሏ አጠገቧ ይገኛል። እናቷ ያለችው ዝዋይ። እኔና እሷ ብቻችንን ተፋጠናል። ዝምተኛ ናት። እኔ ሳወራ እሷ ፈገግ ትላለች፣ አለቀ። አትወደኝም ይሆን? ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ግን ይከነክነኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ያው ነው። እርጉዞች መጡ፣ አራሶች ቀሩ። የቀበሌው ሊ/መንበር ጓድ በቀለ ብቅ ብሎ የተጠወለገውን ክምር በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ሴቶቹ ካልፈለጉት የወፍጮ ቤቱ ገንዘብ ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ይዋል አለ። የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ በስብሰባ ይወሰናል።

ገንዘቡ ከተነሳ እርጉዞቹም ቀሩ ማለት ነው። ገንዘቡን ያስፈቀድኩበት ያ ሁሉ ደጅ ጥናት ከንቱ።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ተገላገለች። ሴት! ግን ደሟ አልቆም ብሎ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ማርያም ማርያም ስል ዋልኩ። አዋላጇ እንደምንም አቆመችው። አሁን ቤት ነን። ጫልቱ ነጭ ሆናለች፣ ከንፈሯ ሳይቀር። ደም ማነስ አለባት፤ ክኒኑን ትውሰድ፣ ቆስጣውን፣ ቲማቲሙን፣ ፓፓያውንም ሳታቋርጥ ትብላ ተብሏል። አጥሚቱ ብቻውን አይበቃም አሉኝ። ለሴት ሦስት እልልታ ነው፤ እኔ ሰባት አልኩ። ምን ያመጣሉ!

ማክሰኞ፣ ጥር 23። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ቀበሌ ከመሄዴ በፊት ይህን ልጻፍ። ልሳቅ ልናደድ አላውቅም።

ወደ ቀበሌ ልወጣ ስል ጫልቱ ግድግዳ እየደገፈች፣ ነጠላ ተከናንባ በር ላይ ደረሰች። ጮኽኩባት። አራስ ወደ ፀሐይ! ሕፃኗ ገና ክርስትና ሳትነሳ! ምች ሊመታሽ ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ አልኩ። ያልወጣኝ ነገር የለም። እሷ ቀስ ብላ፣ ታዲያ ድርሻዬን እንዴት ላግኝ፣ ራሷ ትምጣ ያሉት እርስዎ አይደሉ? አለች።

መደቡ ላይ ዘጭ አልኩ።

ስንት ማክሰኞ ሙሉ ስረግማቸው የከረምኩት ሴቶች እኮ ጥጋበኞች አይደሉም። ቤታቸው ውስጥ ናቸው። እንደኔ ያለች አማት በር ላይ ቆማባቸው!

ከሰዓት በኋላ

ለጫልቱ ገበያ ወርጄ ገዛሁ። ከክምሩ አንዲት ቅጠል አልነካሁም፤ ሊ/መንበሯ የሕዝብ ንብረት ቤቷ አስገባች ልባል ነው እንዴ! እኔስ ገዛሁ፣ መግዣ የሌላትስ? ጥየቃ ብዬ ሦስት አራሶች ቤት ገባሁ። አንዷ ማደሉ ቀረ እንዴ አለችኝ። ሌላዋ ተሰርዣለሁ ብላ አልቅሳለች። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 27

አለፈ! እፎይ!

በቀለ ቀድሞ ተናገረ፤ የማይፈለግ ነገር፣ የሚበሰብስ የሕዝብ ሀብት፣ ማሊያ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ተነሳሁ። ጥፋቱ የደንቡ ነው፣ ደንቡም የእኔ ነው አልኩ። ከዚያ እሱኑ ጠየቅሁት፤ ባለቤትህ አራስ ሳለች፣ ክርስትና ሳይደርስ፣ ቀበሌ ድረስ ወጥታ ታውቃለች? ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። በቀለም፣ እግዜር ይስጠው፣ አብሮ ሳቀ። «እናቴ ትገድለኝ ነበራ!»

አዲሱ ደንብ፤ አራሷ የምታምናትን አንዲት ሴት ትጠራለች፣ ድርሻዋን ያቺ ሴት ታደርስላታለች። መቼም አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም። ለባል አሁንም የለም። ባሎች አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። እጅ ወጣ። ወፍጮ ቤቱ መክፈሉን ይቀጥላል። ኳስ ቡድኑ በአሮጌው ማሊያ ይጫወት፣ ጎል እንደሆን በማሊያ አይገባ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አጠረልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 30። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

አዋላጇ በየቤቱ ዞራ የተጠሩትን ሴቶች ስም አምጥታለች። ሁሉም መርጠዋል። የቀረችው የእኔዋ ናት።

ትናንት ማታ ጎረቤታችንን ከድጃን ጥሪ አልኳት። በኦሮምኛ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ከእሷ ጋር ስትስቅ ሰምቻለሁ። አይ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዙራ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

እማዬ አለችኝ! ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ምን እደብቅሻለሁ፣ ከደስታ ነው።

እንግዲህ ወስኛለሁ። የቤቴን ድርሻ በእጄ አልመዝንም። ዛሬ ሚዛኑን ከድጃ ትይዛለች፣ እኔ ዘንቢል ይዤ እሰለፋለሁ። ከሁሉም ኋላ። ሊ/መንበሯ ተሰለፈች ብለው ይሳቁ። ጫልቱ ከዘንቢሉ አናት ላይ የምትደረግ ጠንከር ያለች ፓፓያ ካለች ብላኛለች፣ እንደ ልጅ አፍራ። ካለች፣ ከፊቴ ለቆሙት እንዴት አድርጌ እንደምተዋት አላ

የአትክልቱ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ዘንቢሌን እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ማን አነሳው? ልሂድ ደብተሬ፣ ሰልፉን ልያዝ።