ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ቤት የዋሉ ዕለት

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ ለቄሰ ገበዝ ገብረ ሥላሴ፤ አሰላ።

አባባ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የግራ ዐይንዎ ብርሃን አልችል ብሏል ብላ እህቴ ለተሥላሴ ጽፋልኝ ነበር፤ አሁንስ ሻል አለዎት? ወገብዎስ? ለተሥላሴ እንዴት ናት? ባሏ ሙሉቀንስ? ሳሌምስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? የአሰላ ብርድ ከእኛው አይተናነስም ይላሉ፤ ለቅዳሴ ሲወጡ የሚደርቡት አላጡም? ፋሲካንስ እንዴት ዋላችሁ? ሥላሴ በያላችሁበት ይጠብቋችሁ።

እኛ ሰውነታችን ደኅና ነው። እማዬ ደኅና ናት። በልጉ ዘንድሮ አልከዳንም፤ የላይኛው ማሳ ገብስ ጉልበት ደርሷል። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳ አንዱ ሞተባት፣ አንዱ ግን ደኅና ይጠባል። የበረቱን ክዳን ካሳደስነው ወር ሊሆነው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ግን ሌላ ነው። ለተሥላሴ እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ፣ አንዲት መስመር እንዳትዘይ። ልጂቱን ወደ ውጭ ላኪያትና አንብቢላቸው።

አባባ፣ የአክሱም ሐውልት ከሮማ መመለሱን ሰምታችኋል። እኛም ሞላሌ መምህራን ሁሉ ሬዲዮ ከበን ሰማን። ከሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ ሲባል ያላጨበጨበ አልነበረም። በማግሥቱ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁና የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለዚያው ጀመርሁ። ጣልያን እንዴት እንደ ወሰደው፣ ሮማ አደባባይ ላይ ስንት ዘመን እንደ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ፈርዖኖች መቃብር፣ ከዚያ ወደ ባቢሎን፣ ከዚያ ወደ አቴና። አፌ አንዴ ከተከፈተ እንደማልመለስ ያውቁኛል።

ከኋላ ወንበር ሐሴት የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። ከወንዝ ማዶ የመጣች ናት፤ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ አታውቅም። የአክሱሙን ማን እንደ ወሰደው በመጽሐፍ ተጽፏል፣ የሥላሴን መስቀል ማን እንደ ወሰደው ግን ለምን አልተጻፈም አለችኝ። ቀጥላም፣ አባቴ የሸጡት የገዛ ደብሩ ቄስ ናቸው ይላል፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የእኛ ሰፈር ልጆች አንገታቸውን ደፉ። እኔ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ መምህር፣ ይህ ከትምህርታችን ውጭ ነው ብያት ጠመኔዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

አባባ፣ መስቀሉን ያስወሰድሁት እኔ ነኝ።

እግዜር ያሳይዎ፣ ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ።

በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ለጥር ሥላሴ መስቀሉ ሲወጣ ከሕዝቡ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣ ጌጡ የሚባል ሰው ነበረ። ቅርስ አጠናለሁ አለኝ። ቤታችንም መጥቶ ጠላ ጠጥቷል፤ ትዝ ይልዎት ይሆናል፣ ቀይ፣ መነጽር ያደረገ። ግራኝ በመጣ ጊዜ አባቶቻችን መስቀሉን በገብስ ጉድጓድ ቀብረው እንዳዳኑት፣ አንድ ክንዱም ያኔ እንደ ጎበጠ፣ እርስዎ ያወረሱኝን ታሪክ አንድ ሳላስቀር አጫወትሁት። የዓለም ታላላቅ ቅርሶች ከሚታተሙበት መጽሐፍ አስገባዋለሁ፣ ከሥሩም ያሳየው መምህር ተብሎ ስምህ ይጻፋል አለኝ። እንዲያ ሲለኝ ልቤ ጥፍት አለ። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው አገር ድንጋይ ሳስተምር ኖሬ የእኛን ማን ጻፈልን ብዬ እቆጭ ነበር። ውሸት አይደለም፣ እቆጭ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያሰከረኝ የመስቀሉ ስም ሳይሆን የራሴ ስም ነው። ሥዕሉ በቀለም የተሠራ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍም ሰጠኝ፤ በእርሱ እያስተማርሁ ስመሰገን ኖርሁ።

የካቲት መባቻ ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሰውየው ተመለሰ። እርስዎ በትኩሳት ስምንት ቀን ተኝተው ነበር። መሪጌታ ተክለጻድቅ ደግሞ ራቤል ከተማ ለተዝካር ተጠርተው ሄዱ። የዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይውል እንዳያድር የቆየ ሥርዓት ነው፤ መሪጌታ ግን እርስዎን ከራሳቸው ለይተው ስለማያዩ የእርሳቸውን ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልለው ለእማዬ ትተው ሄዱ። እማዬም ከሙዳይዋ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቶ ነበር። የመሪጌታን ከሙዳዩ፣ የእርስዎን ከራስጌዎ ወሰድሁ። ከትራሱ ሥር ሳወጣው ተገላበጡና፣ ወንድምአገኝ ነህ አሉኝ። አዎን አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎ ወይ አልሁዎ። ይህን ያስታውሱታል? እኔ ግን አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም።

ዕቃ ቤቱን ከፈትሁለት። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ፣ እሱ ከነጫማው ገባ፤ ያንን እንኳ ለመናገር አፈርሁ። መስቀሉን፣ በልጅነቴ ሲያስቀምጡት እንዳየሁዎት፣ ከድርሳናቱ ሣጥን ሥር አውጥቼ በገዛ እጄ አስያዝሁት። ፎቶ አነሣው፣ በክር ለካው። ከዚያ የጓሮውን ግድግዳ መታ መታ አድርጎ ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃ አለኝ። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ጭቃ ነው ብዬ ለተማሪ እንደማስረዳ አስረዳሁት። ምን ዐይነት ጅል ነኝ! ቁልፎቹን ለእማዬም ለእርስዎም ሳይታወቅ መለስሁ።

ከፋሲካ በኋላ ግድግዳው ከላይ በኩል ተፈንቅሎ፣ ከዚያ ሁሉ ንዋየ ቅድሳት አንዱ መስቀል ብቻ መጥፋቱ ተሰማ። ሌባው አልፈለገም፣ አላመሳቀለም፤ በቀጥታ ከድርሳናቱ ሣጥን ሥር ሄዷል። ቦታውን የሚያውቅ ነው ተባለ፤ የሚያውቁት ደግሞ ቁልፍ የያዛችሁት እርስዎና መሪጌታ ናችሁ። በአውጫጭኙ ቀን አገሩ ሁሉ ከጥዱ ሥር ተሰብስቦ አንድ በአንድ ሲጠየቅ፣ መሪጌታ ነገር አይሸሽጉምና ቁልፋቸውን እኛ ቤት ትተው እንደ ነበር ተናገሩ። ዐይን ሁሉ ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎም ተነሥተው፣ እኔም አልከፈትሁ፣ ከቤቴም የከፈተ የለም፣ ካለ ክህነቴ አይያዝልኝ አሉ። እኔ ከአስተማሪዎቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከእርስዎ ዐሥር እርምጃ አልርቅም። ተራዬ ሲደርስ ያየሁም የሰማሁም የለም አልሁ። ካህናቱ፣ እያወቀ ያልተናገረ ቢኖር እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን ብለው ሲያወግዙ፣ ከሁሉ በላይ አሜን ያለው የእርስዎ ድምፅ ነበረ። አርዮስን በታሪክ አስተምረዋለሁ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተወገዘ እፈትንበታለሁ። ያን ቀን ግን ስሙን የሰማሁት እንደ ራሴ ስም ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እርስዎ ይነግሩኛል እንጂ እኔ አልነግርዎትም። ውጣ ያለዎት የለም። ሰዉ ግን የእጅ መስቀልዎን መሳለም ተወ። እርስዎ በዚህ ሲመጡ ሰዉ በዚያ ዞረ። የንስሐ ልጆችዎ አንድ አንድ እያሉ ሌላ አባት ያዙ። ቀድሰው ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ መስቀልዎን ይዘው ብቻዎን ቆመው አይቼዎታለሁ፤ አይቼም ሄድሁ። በሐምሌ፣ ዐይኔን ልታከም ብለው ሲነሡ ሻንጣዎን ተሸክሜ እስከ ሞላሌ መኪና የሸኘሁዎት እኔው ነኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት አንገቴን ይዘው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ያመንኸኝ አንተ ብቻ ነህ ብለው ሳሙኝ። አባባ፣ ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በተሻለኝ።

ለምን ዝም አልህ ቢሉኝ፣ መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ሳዘገይ መዘግየቱ ራሱ ሌላ ወንጀል ሆነብኝ። ኋላማ ለመድሁት፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ገብስ ሳሳጭድ፣ ፈተና ሳርም፣ ስስቅ ስጫወት ኖሬያለሁ። አራት ፋሲካ አልቆረብሁም እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ሰው ነበር።

ከሐሴት ጥያቄ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በፋሲካ ማግሥት መጀመሪያ ለእማዬ ነገርኋት። እህል ታበጥር ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች፣ አየችኝ፣ መልሳ አነሣችው። ከዚያ ቀን ጀምራ እንጀራ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴንም ታጥባለች፣ ስሜን ግን ጠርታው አታውቅም። ቀጥዬ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። መሪጌታ አለቀሱ። እኔም ቁልፌን ያለ ቦታው በመተዌ አለሁበት አሉ። እርስዎ በክህነትዎ የቆረጡት ቃል እንዳያስጨንቅዎ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሳያውቅ የተናገረውን ሰው አይዘውም፣ የሚይዘው አንተን ነው አሉኝ። ከግዝቱ ይፍቱኝ ስላቸው ግን እምቢ አሉ። የበደልኸው እያለ እኔ ቀድሜ ብፈታህ ምን ፍቺ ነው አሉኝ። የወረዳው ፖሊስም ዘንድ ሄጄ የሰውየውን መልክና ስም ተናግሬ፣ ያ የሰጠኝንም መጽሐፍ አስረክቤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ስሙ እውነተኛ አይመስለኝም። መስቀሉ እስካሁን የለም፤ ይገኛል ብዬም ላታልልዎ አልችልም።

ለዳግም ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ከደጀ ሰላሙ ቆሜ ለእርስዎ የጻፍሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። ማንም አልነካኝም። ብቻ እሜቴ አማከለች በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና፣ ታዲያ እኔ አሮጊቷ የእኒያን ሰው መስቀል ሳልሳለም የቀረሁት በከንቱ ነው ወይ ብለው ጮኹ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። ወንዶቹ ጫማ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ከዚያ ሽማግሌ ተመረጠ፤ ይህ አገሪቱ የምታደርገው ምርጫ እንዳለፈ መሪጌታ ተክለጻድቅና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች እግርዎ ሥር ወድቀው ይዘውዎት ሊመጡ ወደ አሰላ ይነሣሉ።

አባባ፣ እኔን አልፈታም ቢሉ ይገባዎታል፤ አልከራከርም። እነርሱን ግን እሺ ይበሏቸው። ደጅዎ ከእኔ ጋር የሚጠብብዎ ከሆነ ወደ ሌላ ወረዳ እንዲያዛውሩኝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እኔ እዚህ ስላለሁ ብለው አይቅሩ። ከሰው አገር አፈር እንዳይገቡብኝ የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ለእህቴ ለለተሥላሴ፣ ያባትሽን ቀን ያጨለምሁት እኔ ሆኜ አንቺ በየደብዳቤሽ ወንድሜ ጋሻዬ ስትዪኝ ኖረሻል፤ ይቅር በይኝ። ለሙሉቀን፣ አባቴን እንደ አባቱ ስለ ጦረልኝ እጅ ነሥቻለሁ። ሳሌምን ጉንጯን ሳሙልኝ። መሪጌታ ተክለጻድቅ፣ እሜቴ አማከለች፣ ጎረቤታችን አልጣሽ ከነልጆቿ እጅግ አድርገው ሰላም ብለዋል። እማዬን ደግሞ ምን ልበልልሽ ብላት፣ እኔ የምለውን በአንተ እጅ አላስጽፍም፣ ሲመጣ በአፌ እነግረዋለሁ አለችኝ። ይህን ተናግራ ወደ ጓዳ ገባችና አልጋዎን ከተጫነው ገለባ አጽድታ ማንጠፍ ጀመረች።

ወንድምአገኝ
ከሞላሌ፣ መንዝ
ግንቦት 2 ቀን 1997 ዓ.ም.