በጉባኤ መሃል የተነከሰችው ስንዴ

አያ ጥርሶ፣ እንደምን ከረምክ?

የዘር አጥኚዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ዘንድሮ አዳራሹን ጢም አድርጎ ሞልቶታል። ያኔ ስንጀምር በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ነበርን፤ አንተ ነክሰህ "ደርቋል" ካላልክ የሚያልፍ ዘር አልነበረም።

ዛሬ የቀድሞ ተማሪህ አዲሱን ስንዴዋን በብልቃጥ አዞረችልን። ሁሉም ፎቶ እያነሳ አሳለፈው። እኔ ጋ ሲደርስ ግን አላስቻለኝም፤ አንዷን ፍሬ ነከስኳት። አጠገቤ የተቀመጠው ተመራማሪ ደንግጦ፣ "ጋሼ፣ ናሙና እኮ ነው" አለኝ።

እሷ ከመድረክ አይታ፣ "ተዋቸው። ደርቋል ጋሼ?" አለች።

"ትንሽ ይቀረዋል" አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷ ግን ጻፈችው።

ስንወጣ ጥቂት ፍሬ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ "ለመምህሬ ያድርሱልኝ፤ እሳቸው ነክሰው ካላረጋገጡልኝ ልቤ አያርፍም" አለች።

ይህች የምጽፍብህ ፖስትካርድ ሞላች። ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ፤ እስክመጣ ጥርስህን አደራ።