የዳማ ድንጋይ

መስቲ፣

የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው።

ዳማን ከግቢው ጽድ ሥር ቀብሬዋለሁ። የጫንኩበትን ድንጋይ እንዳታነሺ፣ ጅብ ያወጣዋል።

ትናንት «ለውሾች መርዝ ሊጣል ነው፣ እሰሪው እያልኩሽ ለምን ፈታሽው?» ብዬ የጮህኩብሽን ተይው። ሲያላዝን አላስችል ብሎሽ ነው።

ከአዲስ አበባ እንደመጣሁ ሥጋ ብወረውርለት አሽትቶ ይሄድ ነበር። «የመሐል ሜዳ የጎዳና ውሻ ሰው አያምንም፣ አትልፊ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከሰው እጅ መብላት አስለመድኩት።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ አብሮን ጾመ።

እትዬ በለጠች ከሱቃቸው ሆነው አይተውታል። መርዝ የሚጥሉት ሰዎች ሥጋ ሲያሳዩት ጅራቱን እየቆላ ሄዶ ከእጃቸው ተቀበለ አሉኝ።

ህሊና