ከበሩ አካባቢ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ፣ ማታ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቤቱን ሲሸጡልን «ከከተማው አርባ አምስት ደቂቃ» ብለው ነበር። ማን እንደለካው አላውቅም… ወፍ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሲጠይቀኝ «ሐይቅ ዳር ነው የምኖረው» እላለሁ። የምኖረው መኪና ውስጥ ነው። ሐይቁን የማየው እሑድ እሑድ ብቻ፤ እሑድ ደግሞ የነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ አለ።

መንገድ ላይ እያለሁ ጋሼ ደወለ።

«እንዴት ነው ሐይቁ?»

«አለ።»

«መቼ ነው የምታሳየኝ?»

«በዚህ ሰሞን ጋሼ። ይሄ እሑድ ካልሆነ የሚቀጥለው።»

«እሺ። ብቻ ዓይኔ አይጠብቅም።» ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እዚህ ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። «በዚህ ሰሞን» ስለው ሁለት ዓመቴ ማለት ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ፤ ያስተማረኝ የስፌት መኪናው። ልብስ ሰፊ ነው። እስካገባ ድረስ የሱቅ ሸሚዝ ለብሼ አላውቅም ነበር።

የካቲት 9፣ እሑድ

ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። የጎን ጎረቤታችን፣ እኔና ባለቤቴ «ሳር አትርገጡ» የምንለው፣ ሁለት አቤቱታ ይዞ መጣ። አንደኛ፦ የማይታወቁ ሰዎች እየመጡ በሩ አጠገብ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለተኛ፦ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሰገነታችንን ያዩታል። «ምሳችንን ቁጭ ብለው ይቆጥሩታል» አለ። እውነትም ቅርብ ነው፤ የእኔ ሰገነት ላይ ሆኖ ሲያስሉ ይሰማል። ዛፍ ተክለን እንጋርድ ተባለ። ለዛፉ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ለዛፍ!

ለበሩ ደግሞ እኔ ደንብ እንዳረቅቅ። የኢንሹራንስ ሕግ ክፍል ስለምሠራ ጸሐፊ አድርገውኛል፤ ደንብ ይችላል ተብዬ። እችላለሁ። እዚያው ጻፍኩት።

አንቀጽ 9፦ እንግዳ በር ላይ ሲቀርብ ጥበቃው ወደሚፈለገው ቤት ይደውላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልተገኘ፣ እንግዳው ከበሩ አካባቢ እንዲነሣ ይደረጋል።

«ከበሩ አካባቢ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዛፉንም እንዲይዝ። ሊቀመንበሩ «እጅህ ይባረክ፣ ቀዳዳ የለውም» አለኝ። ደስ አለኝ… በዚህም ይደሰታል ሰው?

የካቲት 17፣ ሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ሱቅ ጎራ አልኩ። መግቢያው ላይ ቆሜ በእጄ ሰላም ስለው ቀና አላለም። ፊት ለፊቱ ስሄድ ነው ያየኝ። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ መርፌ ክር ታስገባለታለች። እሱ ነበር ለሰፈሩ ሁሉ የሚያስገባው።

ግላኮማ ነው ብለውታል። የጠፋው አይመለስም።

«ዙሪያው ጨልሟል፣ ፊት ለፊቴ ያለው ነው የቀረኝ» አለ። «በመርፌ ቀዳዳ ማየት በለው። ግን በቀዳዳው የማየው ጥርት ያለ ነው።» የቀረውን ለማትረፍ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቀዶ ጥገና አለው። «ከዚያ በፊት ሐይቅህን ልየው። ምን ይታወቃል።»

«በሚቀጥለው እሑድ» አልኩ። ደግሜ። አፌ ለምዶታል።

የኮቴን ትከሻ በጣቱ ያዝ አደረገው።

«ማን ሰፋልህ?»

«የተገዛ ነው።»

«ትከሻው ወርዶብሃል።»

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው? ኮሚቴው አይደለም የያዘኝ። ባለቤቴም አይደለችም፤ እሷማ «ወንድምህን ለምን አትጋብዘውም» እያለች ሰለቸች። ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። ሰገነቱ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ «ይሄ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» ይላል። ሊቀመንበሩን ካገኘው ደግሞ ትከሻውን ይለካዋል። አፈርኩበት። እሱ በሰፋልኝ ሱሪ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሰውዬ አፈርኩበት።

የካቲት 23፣ እሑድ

ጋሼ አልደወለም። እፎይ አልኩ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

የአጥሩ እድሳት ስላለቀ የኮሚቴው ሰዎች እኛ ሰገነት ላይ ተሰበሰቡ። የእኛ ቤት ይመረጣል፤ ሐይቁ ከእግራችን ሥር ነው። አዲሱን ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ። ሳር አትርገጡ ስለ ችግኝ ዓይነት አንድ ሰዓት አወራ። ሁሉም ሰው ሐይቁን ጀርባ ሰጥቶ ስልኩን ያያል። ሊቀመንበሩ በሚቀጥለው ምርጫ ምክትል እንድሆን ይፈልጋል። አላሰብኩበትም አልኩ። አስቤበታለሁ።

በመሀል የበሩ ስልክ ጠራ። ዕቃ አድራሽ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እሑድ ቀን ጥበቃው ለትንኝም ይደውላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ጋሼ ራሱ በሞባይሌ። የእሑዱን ነገር ሊጠይቀኝ ነው አልኩ… በሰው ፊት ምን ብዬ ልመልስለት? ጆሮ ዳባ ልበስ።

«ስልክህ ይጠራል» አለች ባለቤቴ።

«ተይው።»

ጥሩ ቀን ነበር በጠቅላላው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ለጋሼ ደወልኩ። ትራፊኩ ቆሞ የምሠራው ሳጣ።

«ደውለህ ነበር እሑድ… በሰላም?»

«በሰላም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

«ይሄን እሑድ ልምጣ ልውሰድህ? እውነቴን ነው።»

«ተወው፣ አትቸገር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ተወው አለ። ቀለል አለኝ። ግን ለምን ተወው አለ?

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

የወሩን የእንግዳ መዝገብ አይቶ ሪፖርት ማዘጋጀት የጸሐፊው ሥራ ነው። ይሄንንም እኔ ነኝ በደንቡ የጻፍኩት። የበሩ ክፍል ውስጥ ገብቼ ገጹን እየገለበጥኩ…

መጋቢት 7። 9፡10። ቤት ቁጥር 31። በእግር። «ወንድሙ ነኝ አለ።» መልስ፦ አልተነሣም። 9፡20 ላይ በአንቀጽ 9 መሠረት ከበሩ አካባቢ ተነሥቷል።

31 የእኔ ቤት ነው። የጋሼ ፊርማ መስመሩን ስቶ፣ ከሥሩ ያለው ሰው ስም ላይ ወጥቷል።

ጥበቃውን ጠራሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ።

«እኚህ ሰውዬ እንዴት ነበሩ?»

«በእግራቸው ነው የመጡት አለቃ። ከአስፋልቱ ጀምረው።»

ከአስፋልቱ እስከ በሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በዚያ ፀሐይ። በዚያ ዓይን።

«ከዚያስ?»

«ውሃ ሰጠኋቸው። 'ሥራ ይዞት ነው፣ እዚህ ጥላው ሥር ትንሽ ልቀመጥ' አሉኝ። ደንቡ አይፈቅድም ስላቸው 'ልክ ነህ፣ ደንብ ከሆነ' ብለው ተነሡ። አልተጨቃጨቁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ግራ ገባው። «ይነገር የሚል የለም እኮ አለቃ።»

እውነቱን ነው። የለም። ቀዳዳ የለውም ተብሎ የተመሰገነ አንቀጽ ነው። ልጁ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል… ምን ልበለው?

አሳዳጊዬን ከደጄ አስነሣሁት። ሰገነት ላይ ስለ ችግኝ እያወራሁ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ሥራ ትቼ ሱቁ ሄድኩ። ዝግ። ጎኑ ያለው ጫማ ሰፊ «ትናንት ሆስፒታል ገባ፣ አልነገሩህም?» አለኝ። አስተያየቱ ደስ አይልም።

ልጁን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «አጎቴ፣ አባዬ ነው አትንገሪው ያለኝ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይቸገራል ብሎ።»

ሁለቱንም ዓይኑን ሸፍነውታል። እጁን ያዝኩት፣ በእጄ አወቀኝ። ስለ በሩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ቢሮ የት ገባ አይሉህም? ሂድ ሥራህ» አለኝ። ሄድኩ። ሂድ ሲባል የሚሄድ ሰው ነኝ ለካ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ፋሻው ተነሣ። ምንም የለም። የቀረችውም ጭል ጭል ጠፋች። ሐኪሙ «አልፎ አልፎ ያጋጥማል» አለ፤ አስቀድሞም ነግሯቸው ነበር አሉ። እኔ አልነበርኩም ሲነገር።

ጋሼ «መብራት ጠፍቶ ነው?» አለ። ልጁ ማልቀስ ስትጀምር «ቀልዴን ነው እኮ» አላት። ቀልዱን አልነበረም።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ቢሮ። መንገድ። ቤት። ባለቤቴ አላናገረችኝም። መዝገቡን ነግሬያታለሁ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ኮሚቴውን ቀርቼ ጋሼ ቤት ዋልኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጣቱ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ስፌት ይከተላል። ልጁ ሱቁን ይዛለች። ሁለታችን ብቻ ነን።

ነገርኩት። መዝገቡን፣ አንቀጹን፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኩት፤ ለማን ብዬ እንደደፋሁት እንጃ።

«በሚቀጥለው እሑድ ልውሰድህ» አልኩት። «ባታየውም ነፋሱን…»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«ሐይቁን። የዚያን ዕለት። ከበሩ ስነሣ አጥሩን በእጄ ይዤ ዞርኩ። መጨረሻው ላይ ዓሣ አጥማጆቹ አሉ። አንዱ ጀልባው ላይ አስቀመጠኝ፣ ደግ ሰው። ሰፊ ነው ሐይቅህ፤ በአንዴ አይገባልኝም፣ ቁራጭ በቁራጭ አየሁት።»

ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። ልጅ ሆኜ ወንዝ ስላየ ሲነግረኝ እንደዚህ ነበር።

«ከዚያ 'ሠላሳ አንድ ቁጥር የቱ ነው?' አልኩት። አሳየኝ። አንተው ነበርክ። ሰገነቱ ላይ ቆመሃል፣ ከሰዎች ጋር። ልደውልለትና ዞር ሲል እጄን ላውለብልብለት አልኩ።»

ቀና አልኩ።

«ስልኩን አየኸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደፋኸው።»

ሳይቆጣ። ቢቆጣ ምን ነበረበት? ቢሰድበኝ፣ ውጣልኝ ቢለኝ…

«ጋሼ፣ እኔ…»

«እንግዳ ነበረብህ። አየሁ እኮ።» ጣቱ ስፌቱ ላይ ቆመ። «ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበስከው። አምሮብሃል። ትከሻው ግን ወርዷል። አምጣውና ልጄ ትያዝልህ።»

እስከ ማታ አብሬው ተቀመጥኩ። ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስመለስ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአርባ አምስት ደቂቃ ገባሁ።

ለዓይኑ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። ሐይቁን ሊያይ መጥቶ እኔን አይቶ ሄደ። ጥርት አድርጎ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

አንቀጽ 9 እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረብኩ። ምክንያቱን ስጠየቅ ግን… «አንዳንድ ቅሬታ አለ» አልኩ። ወንድሜ ነው አላልኩም። ዛሬም አላልኩም! ሊቀመንበሩ «ያረቀቅከው አንተው፣ ምን ነካህ?» አለ። ሳር አትርገጡ አሥር ደቂቃው በዛ፣ ሰው በአሥር ደቂቃ ስንት ነገር ይሠራል ብሎ ተነሣ። ድምፅ ተሰጠ። አሥሩ አምስት ተባለ። የተቃወመ አንድ ሰው። ቃለ ጉባኤውን እኔው ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ከሥሩ ጸሐፊነቱን መልቀቄን ጨመርኩበት። ለአገልግሎቴ አጨበጨቡልኝ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

አሁን እሑድ ጠዋት ጠዋት ጋሼ ጋ ነኝ። ለልጁ መርፌ ክር አስገባለሁ። አንዱን መርፌ አምስቴ ነው የምሞክረው፤ ጋሼ ማጉረምረሜን ሰምቶ «ክሩን አርጥበው» ይለኛል። የበሩን ነገር ሁለታችንም አናነሣውም። ሐይቁን ግን ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ይነግራል። «ወንድሜ እዚያ ነው የሚኖረው» ይላል። እንዲህ ሲል የማደርገው ይጠፋኛል።

ሸሚዙን ወስጄለት ነበር። ትከሻውን በስንዝሩ ለካ፣ ልጁ ሰፋችው። ዛሬ ለብሼው ተመለስኩ።

ሰገነቱ ላይ ስወጣ ችግኞቹ ተተክለው አልቀዋል፣ በአጥሩ ልክ ተሰልፈው። ከማዶ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። እጄን አነሣሁለት። አላየኝም፣ ወይም አይቶ ተወኝ።

ሊቀመንበሩ ከታች አለፈና ቀና ብሎ አየኝ። «በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ ማንም አያየንም» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። የደወለ የለም። ሸሚዙ ልክ ሆኗል፣ ትከሻው ቁጭ ብሏል።